የነሐሴ እሳት

ኦዲሎን ማላቫል እሳቱን ሳይዳፍን ተኝቶ አያውቅም። ፍሙን በመጫሪያ ይሰበስብና ትልቁን ግንድ ከበስተኋላ ያስደግፋል፤ አመዱን ያለብሰዋል፤ ከዚያ መዳፉን ከላይ ዘርግቶ፣ ሕፃን አስተኝቶ ትንፋሹን እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ጥቂት ይቆያል። ጧት አመዱን ገልጦ ረመጡን እፍ ይለዋል። ከአባቱ የተማረው ነው፤ አባቱም ከአባቱ። በሻዛሌ ጎጥ ክብሪት አዘውትሮ የሚጭር ሰው ቤቱን የማያውቅ ሰው ነበር።

ይህ ሁሉ ለሙቀት ተብሎ የሚደረግ እንዳይመስል። ያ ምድጃ የሚያሞቀው ፊትን ብቻ ነው፤ ጀርባ እንደ ግድግዳው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ይውላል። እሳቱ የሚጠበቀው ከጎጡ በላይ ላለው ጋራ ሲባል ነው።

ከሻዛሌ በላይ ያለው ጋራ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የመንግሥት አይደለም፤ ጎጡ የሚተዳደርበት የሳን ቤሎን ቀበሌም አይደለም። ግጦሹም፣ ጥዱም፣ ከጫፉ የሚወርደው ውሃም የሻዛሌ ሰዎች የጋራ ሀብት ነው፤ የሻዛሌ ሰው ማለት ደግሞ በሻዛሌ እሳት ያለው ማለት ነው። እዚያ እያነደደ የሚኖር፣ በበረዶው ወራት በገዛ ድርቆሹ ያሻገረውን ያህል ከብት በጸደይ ወደ ጋራው ይለቃል። ለቆ የሄደ ድርሻውን አስከትሎ አይሄድም፤ አይሸጠውም፣ ለልጁም አያወርሰውም። የመጨረሻው ቤት እሳት የጠፋ ዕለት ጋራው ከነግጦሹ ከነጥዱ ለቀበሌው ይገባል። ሕጉም በራሱ አነጋገር ይህንኑ የሚል ይመስላቸው ነበር። ሕጉ ግን ስለ እሳት አንድ ቃል አልጻፈም።

በጋራው ጫፍ ላይ የሚወርድ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ በስተምዕራብ ወርዶ ወደ ጋሮን ወንዝ ይገባል፣ ገሚሱ ወደ ሰሜን ዞሮ ከሎዋር ወንዝ ይቀላቀላል፤ አንዱ በቦርዶ፣ ሌላው በናንት ከተማ በኩል ባሕር ይገባል። ኦዲሎን ልጅ ሳለ እዚያ ጫፍ ላይ ቆሞ ወዲያና ወዲህ እየሸና «ይሄ ለቦርዶ፣ ይሄ ለናንት» ይል ነበር። ታላቅ ወንድሙ ማርስላን ነው ያስተማረው። ታች ሳን ቤሎን ትምህርት ቤት ደግሞ መምህሩ የአውራጃውን ካርታ ሲዘረጉ ኦዲሎን ጋራውን አገኘው፣ ሻዛሌን ግን አጣት።

«የለችም» አለ።

«ትንሽ ስለሆነች ነው» አሉት መምህሩ።

«ጋራውስ እንዴት ተጻፈ?»

«ጋራ ሰው ባይኖርበትም ጋራ ነው። ጎጥ ግን ሰው ያስፈልገዋል።»

ይህ መልስ ዕድሜውን ሙሉ ሳይለቀው ኖረ። መሬት ራሱን ችሎ ይኖራል፤ የሰው መንደር ግን በየቀኑ ጧት እንደገና ካልተነሣ የለም። አንድ ሰው ከአልጋው ወርዶ አመድ ካልገለጠ፣ ቦታው ወዲያው ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ኦዲሎን ነገሩን በዚህ መልክ አውጥቶ አልተናገረውም፤ የኖረበት ግን እንዲሁ ነው።

ተወልዶ ባደገበት ዘመን ከየቤቱ ጭስ ይወጣ ነበር። ከአልጄሪያ ጦርነት ሲመለስ ገሚሱ በር ተቸንክሯል። አንዱ ክሌርሞን ጎማ ፋብሪካ ገባ፣ ሌላው ባቡር ጣቢያ ተቀጠረ፣ የቀረው እንደ ማርስላን ፓሪስ ወርዶ ቡና ቤት ውስጥ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረ። በሄዱ ቁጥር ለቀሩት ግጦሹ ይሰፋል። ጎረቤቱን እንባ እያነቀው የሸኘ ሰው በማግሥቱ ሁለት ጊደር ይጨምራል። ይህን ማንም ነውር ብሎት አያውቅም፤ ኦዲሎንም አላለውም።

ታች ሳን ቤሎን የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሉሴት ነበረች። በጦርነቱ ጊዜ ደብዳቤ ስትጽፍለት የቆየች፣ ሲመለስም የጠበቀችው እሷ ነች። በገበያ ቀን ከዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ ከዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ጀመረችው።

«ውረድ» አለችው። «አባቴ ደክሟል። አንተ እንደሆን እሳት ትወዳለህ፤ ከዳቦ ቤት የበለጠ እሳት ያለው የት ነው?»

«አንቺ ውጪ እንጂ።»

«ሻዛሌ? ከምንጭ ውሃ ልቀዳ? መብራት እንኳ የላችሁም!»

«ሊገባ ነው ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ከንቲባው።»

«ከንቲባው እኔንም ቆንጆ ነሽ ብሎኛል። ምርጫ ሲደርስ ለሁሉ እንዲያ ነው የሚለው።»

ሳቁ።

«እኔ ከወረድኩ አባቴ ብቻውን ነው» አለ ኦዲሎን። «እሱ ያለፈ ቀን የእኛ እሳት ይጠፋል። ከዚያ ጋራው...»

«ጋራው ምን ይሆናል? ይጠፋል? ተነሥቶ ይሄዳል?»

«የእኛ አይሆንም።»

ሉሴት ከጆንያው ላይ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «እንግዲያውስ እሱኑ አግባው» አለችው። «ቢያንስ አያረጅብህም።»

በዓመቱ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው አገባች። ኦዲሎን ለሠርጉ አንድ ሙሉ የአሳማ ጭን ላከ፤ ራሱ አልሄደም፣ ላሟ ልትወልድ ነው አለ። ላሟ የወለደችው ከሳምንት በኋላ ነው።

ከማርስላን ጋር የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ማርስላን ፓሪስ ውስጥ ከብርጭቆ አጣቢነት ተነሥቶ የራሱን ቡና ቤት እስከ መክፈት ደረሰ፤ የአባታቸውን መድኃኒት የሚልከውም እሱ ነበር። በየዓመቱ በነሐሴ፣ በዚያ አገር የበጋ ሙቀት ወር፣ ይመጣል። የአባታቸው ቤት ሁለት ምድጃ ነበረው፤ ከወዲያ ጫፍ ያለው በውርስ የማርስላን ነው። ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ፣ አንድ ነሐሴ ላይ፣ ከገበያ ሁለት ቡላ ጊደሮች ገዛ። ለንግድ አልነበረም። አባታቸው ያደርግ እንደነበረው ከፊት ከፊት እየሄደ፣ ደወል አንጠልጥሎላቸው፣ ወደ ጋራው ሊያወጣቸው ነው ያማረው። የጋራው በር ላይ ሲደርስ ኦዲሎን አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«በሩን ክፈት እንጂ» አለ ማርስላን እየሳቀ።

«በምን መብት?»

«ምን ማለትህ ነው በምን መብት? እሳት አለኝ። ዞር ብለህ እይ፤ ያ ጭስ የማን ነው?»

«የነሐሴ ጭስ ነው።»

«ጭስ ጭስ ነው።»

«የነሐሴ እሳት እሳት አይደለም» አለ ኦዲሎን። «እሳት ያለው ሰው በጥር በረዶ እዚህ ያድራል። አንተ በጥር የት ነህ?»

«ኧረ ኦዲሎን! እኔ እኮ ነኝ። ሁለት ጊደር ናት።»

«የሚቆጠረው ሰውየው ነው፣ ጭሱ አይደለም። ለአንተ ከከፈትኩ ነገ ከፓሪስ ከክሌርሞን ያሉት ሁሉ ክብሪት ይዘው ይመጣሉ።»

ማርስላን ወንድሙን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ጊደሮቹን መለሳቸው፤ የደወሉ ድምፅ ቁልቁል እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ቤት ገብቶ በባልዲ ውሃ ቀዳና ምድጃው ላይ ደፋው። በዚያ ቤት እሳት በውሃ ሲጠፋ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲያ ሻዛሌ አልመጣም፤ የተቀበረውም ፓሪስ ነው።

ኦዲሎን ግን የዚያን ሰሞን ታች ቡና ቤት ወርዶ ነገሩን ደጋግሞ አወራው። «የነሐሴ እሳት አልኩት!» ይላል። ሰው ወደደለት። በዓመት አንዴ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውንም፣ ለጉልበት ሥራ ምሳ ሲደርስ የሚመጣውንም፣ ሳን ቤሎን ውስጥ «ያ የነሐሴ እሳት!» እያሉ መሳቂያ አደረጉት። ኦዲሎን በሕይወቱ ሌሎች ከእሱ የወረሱት ነገር ቢኖር ይህ አንድ ስድብ ነው።

በመጨረሻ ሻዛሌ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሰው ጠፋ። ላይ ቤት የነበረችው አሮጊት ስትሞት፣ ከቀብር መልስ የእሷን ፍም በአካፋ ዝቆ ወደ ራሱ ምድጃ አመጣው። ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

ጎረቤት ቢባል ከወንዙ ማዶ ያለው ዡዋኪም ነው፤ ከፖርቱጋል የመጣ ዛፍ ቆራጭ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሚስቱ ትታው የሄደች። ቤቱ ከሻዛሌ ፊት ለፊት ይታያል፤ ግን ወንዙ የሁለት ቀበሌ ድንበር ስለሆነ እሱ የሌላ ቀበሌ ሰው ነው። ሁለቱ በጧት አንዱ የአንዱን ጭስ ያያል፤ አዩ ማለት እግዚአብሔር ይመስገን ተባባሉ ማለት ነው።

አንድ ጥቅምት ላይ፣ ውርጭ አሟላጭ ባደረገው የጎተራ መወጣጫ፣ ኦዲሎን ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ዡዋኪም ጭሱ መሳሳቱን አይቶ መጣና ተሸክሞ ቤት አስገባው። የአምቡላንስ ሰዎች በቃሬዛ ሲያወጡት ሽማግሌው የበሩን መቃን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ያዘ።

«ዡዋኪም! እሳቱን!»

«ዳሌህ ለሁለት ተከፍሏል፣ አንተ እሳት ትላለህ!»

«እሳቱን ነው የምልህ!»

«እሺ፣ እሺ። በሩን ልቀቅና ሂድ። እሳትህን እንደ ሙሽራ ነው የምጠብቅልህ።»

ጠበቀም። ላሞቹን ወደ ራሱ በረት ወሰዳቸው፤ በየቀኑ ጧትና ማታ ግን ወንዙን ተሻግሮ፣ በረዶ ሲሆን በበረዶ፣ ቡርል የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲነሣ አጥር አጥሩን እየተደገፈ፣ የሰው ምድጃ ሊቆሰቁስ ይወጣ ነበር። ኦዲሎን ያን ክረምት ሳን ቤሎን ካለው የአረጋውያን ቤት ሆኖ አሳለፈው። መስኮቱ ወደ ጋራው ነው። ሰማዩ ሲጠራ ያቺን ቀጭን ጭስ ያያትና ሾርባውን ይጠጣል፤ ሰማዩ ሲደፈን ሾርባው ይቀዘቅዛል። በግንቦት ወጣ፤ በጋውን ሻዛሌ ዋለ። መስከረም ላይ ሳንባው ታመመና ሐኪሙ መልሰው አወረዱት። እሳቱ አሁንም አልጠፋም። ኦዲሎን ግን በበጋ ወጥቶ በብርድ የሚወርድ ሰው ሆኗል፤ ይህን ያላስተዋለ እሱ ብቻ ነበር።

ከንቲባው ቲየሪ ኮምብ ብስኩት ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ኦዲሎን የከንቲባውን አባት ያውቅ ነበር፤ ልጁንም አባቱ አፍንጫውን ሲጠርግለት ያስታውሳል። ቲየሪ ክፉ ሰው አይደለም። እንቅልፍ የነሳው አንድ ነገር ነበር፤ ሳን ቤሎን ሰው እያነሰባት፣ ትምህርት ቤቷ ሊዘጋ፣ እሷም ከታችኛው ትልቅ ከተማ ጋር ተዳብላ ስሟ ሊቀር ነው።

«አባባ ኦዲሎን፣ አንድ ኩባንያ ጋራው ጫፍ ላይ የነፋስ መብራት ማመንጫ ሊተክል ይፈልጋል» አለው። «ኪራዩ ትምህርት ቤቱን ያቆምልናል። እርስዎ እሺ ይበሉን እንጂ ጋራው የሻዛሌ እንደሆነ ይቀጥላል።»

«እንዲያማ ከሆነ ሻዛሌን ጠይቃት።»

«ሻዛሌ ማለት እርስዎ ነዎት!»

«እንግዲያው እምቢ አለች በላቸው።»

ቲየሪ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ከፊቱ ጠፋ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው። «አባባ፣ እርስዎ የሚኖሩት የት ነው?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ሻዛሌ ነዋ።»

«ትናንት የት አደሩ?»

ኦዲሎን ወደ መስኮቱ ጠቆመ። «ያውልህ ጭሴ!»

ከንቲባው ወደ መስኮቱ አላየም። ኦዲሎን የፈራው ያኔ ነው።

የቀበሌው ምክር ቤት በየካቲት ተሰበሰበ። ጉባኤው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ዡዋኪም ኦዲሎንን በመኪናው አምጥቶ፣ በብብቱ ደግፎ፣ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከፊት ከተቀመጡት የምክር ቤት አባላት አንዷ ሉሴት ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀበሌውን ትምህርት ቤት ጉዳይ የያዘችው እሷ ናት። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ስትቀመጥ ቀሚሷን የምታራግፈው ግን እንደዚያው ነው።

ከንቲባው ነገሩን አጭር አደረገው። በሻዛሌ ቋሚ ነዋሪ የለም፤ ስለዚህ ጋራው ወደ ቀበሌው እንዲዛወር የአውራጃውን አስተዳዳሪ እንጠይቅ።

«አለ!» አለ ዡዋኪም ከኋላ። «ይሄው ተቀምጧል!»

«አቶ ዡዋኪም፣ የእርስዎ ቀበሌ ከወንዙ ማዶ ነው።»

«ዓይኔም ማዶ ነው እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። ኦዲሎን ምርኩዙን ይዞ ተነሣ።

«እሳቴ ጠፍቶ አያውቅም» አለ። «አባቴ ከሰጠኝ ቀን ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬም ጧት ጭሷ ታይታለች። ያላየ ይናገር።»

የተናገረ የለም። ከዚያ ሉሴት፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ እሱን ብቻ እያየች ተናገረች።

«ኦዲሎን፣ ማርስላን ያን ቀን ዳቦ ቤቴ ገብቶ ነበር። ጊደሮቹን መልሶ ሊሸጥ ሲወርድ። ‹የሚቆጠረው ሰውየው ነው፣ ጭሱ አይደለም› አለኝ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኛም ከአንተው አፍ ስንት ጊዜ ሰማነው። በጥር የት ነበርክ?»

«ታምሜ ነዋ!»

«እሱም ሥራ ላይ ነበረ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ... ለዚያ ጋራ ስል ምን እንደተውኩ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ሉሴት። «የተውከኝ እኔን ነው። አንዴ ለዚያ ጋራ ተሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛ የልጆቹን ትምህርት ቤት አልሰጥም።»

እጇን አወጣች። ሌሎቹም አወጡ። ከንቲባው የራሱን እጅ ያወጣው መጨረሻ ላይ፣ ወደ ጠረጴዛው አቀርቅሮ ነው።

መንግሥት የሚባለው ነገር ዓይን አለው ቢባል፣ ጭስ ማየት የሚችል ዓይን አይደለም። የሚያየው አልጋ ነው፤ ሰውየው የት ተኛ፣ የት ታመመ፣ የት ይሞታል። የሻዛሌ ሰዎች ደግሞ መቶ ዓመት ሙሉ እሳት ሲጠብቁ የኖሩት ሕጉ እሳት የሚያይ መስሏቸው ነው። ስሕተታቸው የሞኝ ስሕተት አይደለም፤ ራሱ በየቀኑ ሲያደርገው የኖረውን ነገር ዓለምም ያከብርልኛል ብሎ የማያምን ማነው? ኦዲሎን ግን ይህን መጽናኛ እንኳ አላገኘም። ሕጉን ከማንም በፊት፣ በገዛ አፉ፣ በገዛ ወንድሙ ላይ ያወጀው እሱ ነው።

ወደ አረጋውያኑ ቤት ሲመለሱ ዡዋኪም መሪውን በቡጢ እየመታ ነበር።

«ፍርድ ቤት እንሄዳለን! አንድ ጠበቃ አውቃለሁ። የታመመ ሰው ከቤቱ ወጣ ይባላል እንዴ? ታሸንፋለህ እኮ! እሳቱን እኔ እመሰክራለሁ፤ ጧትና ማታ።»

ኦዲሎን በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ ያያል። መንገዱ ዳር የቆመው በረዶ ጥቁር ሆኗል።

«ምን ብዬ ልከራከር?» አለ።

«እሳት አለኝ ብለህ! ሰውየው ለጊዜው ባይኖርም ቤቱ ቤት ነው ብለህ!»

«እሱንማ ማርስላን ብሎታል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ዳኛው እውነትህን ነው ካለኝ ማርስላንም እውነቱን ነበር። በሩን በከንቱ ዘግቼበታለሁ ማለት ነው። ለእሱ የዘጋሁትን በር ለራሴ ልክፈት?»

«ጋራውን ታጣለህ እኮ፣ ሽማግሌው!»

«አጣዋለሁ። ካጣሁት ቢያንስ ያን ቀን የተናገርኩት ሕግ ነበር ማለት ነው። ካገኘሁት ግን...» ቃሉን ሳይጨርስ አፉን በመሐረቡ ሸፈነ፤ ሳሉ ተነሥቶበት ይሁን ሌላ፣ ዡዋኪም አልጠየቀም።

በሁለቱ ስሌት መካከል አንድ ሰው ምን ይመርጣል? ወይ ዕድሜውን የሰጠበት ጋራ ይሄዳል፣ ወይ ወንድሙን በግፍ እንዳባረረ ይታወቃል። ኦዲሎን ጋራውን ለቀቀ። ሰዎች ልቡ ተሰብሮ ነው አሉ፤ ልቡማ ድሮ ነው የተሰበረው። የመረጠው ከሁለት ኪሳራ መካከል ኩራቱን የማይነካበትን ነው። እንዲህ ያለው ምርጫ ከጽድቅ ይቆጠር ከኀጢአት፣ እኛ የምንፈርደው አይደለም።

የአስተዳዳሪው ውሳኔ በመጋቢት መጣ፤ ከንቲባው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ዝናብ እስኪያበላሸው ቆየ። የነፋስ ማመንጫው በዓመቱ ተተከለ። ትምህርት ቤቱ ጥቂት ጊዜ ቆመ። ከዚያ ሳን ቤሎንም ሰው አነሰባት ተብላ ከታችኛው ከተማ ጋር ተዳበለች፤ ኪራዩም፣ ጋራውም፣ ማኅተሙም ተጠቅልሎ ወረደ። ያኔ ቲየሪ በየስብሰባው እየቆመ «እኛ እኮ አለን! እዚሁ ነን!» ሲል፣ ከላይ የተቀመጡት ሰዎች ወደ መስኮቱ አላዩም። ኦዲሎን ይህን ለማየት በሕይወት ነበር። ደስ አላለውም።

ይህ ግን ኋላ ነው። በዚያው ሚያዝያ፣ ሐኪሙ እየተቆጡ፣ ኦዲሎን ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ሻዛሌ ወጣ። ከእንግዲህ ላለመውረድ ነው። ዡዋኪም በሩን ከፍቶ እንደ ባለቤት ገባና ምድጃው ፊት ቆመ። አመዱ ተጠርጓል፤ ግንዱ ከበስተኋላው፣ ፍሙ ከፊት፣ ልክ እንደ አባቱ አሠራር።

«ሁለት ክረምት!» አለ ዡዋኪም ደረቱን ነፍቶ። «አንድ ቀን እንኳ አልጠፋችም። የገና ዕለት ትኩሳት ይዞኝ ሁሉ መጥቻለሁ።»

ኦዲሎን ከበሩ ሳይነቃነቅ እሳቱን አየው። ያቺ እሳት ለምንም እንዳልጠቀመች ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዱ ግን አሁንም ይኮራባታል።

«አበጀህ» አለ ኦዲሎን። «አሁን ቤትህ ግባ፤ ላሞቹ ይጠብቁሃል።»

ዡዋኪም ሲሄድ ኦዲሎን ምድጃው ጎን ባለው የጨው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። መጫሪያውን አላነሣም። ግንዱ እየነደደ፣ እየተሰነጠቀ፣ እየፈረሰ ሲሄድ ያያል። አመድ አላለበሰውም። አባቱ ሲሞት፣ ሉሴት ስታገባ፣ ማርስላን በባልዲው ውሃ ሲደፋ፣ በእነዚያ ሁሉ ቀኖች አመሻሽ ላይ የዳፈናትን እሳት ዛሬ ዝም ብሎ ተመለከታት። ፍሙ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ግራጫ ለበሰ፣ ከዚያ ምንም ሆነ። ከጭስ ማውጫው ብርድ ወረደ። ያን ቤት ያለ እሳት አይቶት አያውቅም ነበር፤ ግድግዳው የቀረበ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ መሰለው።

በማግሥቱ ጧት ዡዋኪም ከማዶ ጭስ አጣ። ቁርሱን ጥሎ ወንዙን በጫማው ገብቶ ተሻገረ፤ በሩን በትከሻው ከፈተው። ሽማግሌው ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

«ሞተህ መስሎኝ እኮ ነው፣ አንተ በቅሎ!»

«አልሞትኩም።»

«ታዲያ እሳቱ? ምን ሆነች?»

«ተውኳት።»

ዡዋኪም ምድጃውን አየ፤ አመዱን በጣቱ ነካው። ቀዝቃዛ ነው። ሁለት ክረምት በበረዶ የተመላለሰባት እሳት። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ተንበርክኮ ጭራሮ ሰበሰበ፣ የቆየ ጋዜጣ ጨበጠ፣ ከኪሱም ሲጋራ የሚለኩስባትን የፕላስቲክ ላይተር አወጣ። ኦዲሎን ያቺን ቀይ ላይተር አያት።

«በዚያ ነገር? እዚህ ምድጃ ላይ?»

«በዚህ ነገር።»

«ተው፣ ዡዋኪም። ጋራው ሄዷል። ለማን ብለህ ነው?»

«ለጋራው ማን አለ? ለእግርህ ነው። ቀርበህ ተቀመጥ፣ እግርህን ዘርጋ።»

ጭራሮው ያዘ። ዡዋኪም የሽማግሌውን ጫማ ፈትቶ ባዶ እግሩን ወደ ነበልባሉ አስጠጋለት። ኦዲሎን ሙቀቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ሲወጣ ተሰማው፤ እንደ መርፌ ያምማል። በዚያ ምድጃ ፊት ጫማ ሲያወልቅ ዛሬ የመጀመሪያው ነው።

«ለእግሬ» አለ፤ ነገሩን በምላሱ እንደሚያጣጥም ሰው። «ለእግሬ ቢሆንማ ኖሮ ያን ጊዜ እወርድላት ነበር። ዳቦ ቤት ውስጥ ሞቅ ይላል።»

ዡዋኪም ሽማግሌው ስለ ማን እንደሚናገር አልገባውም። አንድ ፍልጥ ጨመረበት።